ኳስ እንጀራ ሲሆን፦ ከፕሪሚየር ሊግ በታች ስላለው ኑሮ

(ለወጣት ተጫዋቾችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ቆርጬዋለሁ። አነጋገሩን ግን አልነካሁትም።)

እሺ እንጀምር። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ጋ ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ።

ደስ የማይለውን መጀመሪያ ልበለውና ይውጣልኝ። እዚህ ካላችሁት ልጆች አብዛኞቻችሁ ፕሪሚየር ሊግ አትጫወቱም። አትቀየሙኝ። ሂሳቡን አብረን እንስራው። በ2016 ዓ.ም. ሊጉ 16 ክለብ ነበረው። አንድ ክለብ 25 ተጫዋች ያዘ እንበል፣ 400 ቦታ ነው። ክለቦቹን 20 ብናደርጋቸው እንኳ 500 ነው። ከዚያ ላይ ከውጭ የሚመጡትን ቀንሱ። አንድ ጥሩ ቋሚ ተሰላፊ ደግሞ ቦታውን ከያዘ ስድስት ሰባት ዓመት አይለቅም። ለዚያች ለቀረችው ቦታ የሚጋፋው የአገሩ ልጅ በሙሉ ነው።

ታዲያ የቀረው የት ይሄዳል? ከፍተኛ ሊግ አለ፣ በምድብ በምድብ የተከፈለ። ከሱ ስር አንደኛ ሊግ አለ። ከዚያ የክልል ውድድሮች። እኔም እድሜዬን የጨረስኩት እዚያ ነው፣ በተከላካይነት። ስጀምር ብሔራዊ ሊግ ነበር የሚባለው፣ ጫማ ስሰቅል ከፍተኛ ሊግ ሆኖ ነበር። ስሙ ተቀየረ፣ አቧራው ያው ነው።

የመጣሁት አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው። ሰው ሁሉ ከፍተኛ ሊግን የሚያየው እንደ ማለፊያ ነው። "ለጊዜው ነው" ይላል። ለአብዛኛው ተጫዋች ግን ሙሉ የስራ ዘመኑ እዚያ ነው የሚያልቀው። እዚያ ገብቶ፣ እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ወልዶ፣ እዚያው ያቆማል። እኛ ደግሞ ልጆቹን የምናዘጋጃቸው ነገ ጠዋት ጊዮርጊስ ወይ ቡና እንደሚገቡ አድርገን ነው። ስለ ውል አናስተምራቸውም፣ ስለ ደሞዝ አናስተምራቸውም። ከዚያ በ24 ዓመቱ አንዱ ከተማ ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ ያልተከፈለውን ወር ይቆጥራል።

አሁን አንዱ በልቡ "ቫርዲስ?" እያለ ነው። አውቃለሁ፣ ሁሌም አንድ ሰው ይላል። እውነት ነው፣ ጄሚ ቫርዲ ስቶክስብሪጅ በሚባል ትንሽ ክለብ በሳምንት 30 ፓውንድ እየተከፈለው፣ ቀን ቀን ፋብሪካ እየሰራ ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሌስተር ከአምስተኛው እርከን በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ሲወስደው 25 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ግን ለምን በየስብሰባው የሱ ስም ብቻ እንደሚጠራ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እንደሱ ያለው በጣት ስለሚቆጠር ነው። በዚያው ዘመን እዚያው ስቶክስብሪጅ አብረውት የነበሩትን አንድ ሰው ስም ጥሩልኝ እስኪ። አያችሁ?

የራሳችንም አገር ተመሳሳይ ታሪክ አላት፣ የክለብ ሆነ እንጂ። ጅማ አባ ጅፋር በኛ አቆጣጠር በ2009 ከታች አድጎ በ2010 ሻምፒዮን ሆነ። ንግድ ባንክ በ2009 ወርዶ የወንዶች ቡድኑን በተነ፣ በኋላ እንደገና አቋቁሞ በ2015 አደገ፣ በ2016 ዋንጫውን በላ። መድን በ2014 አድጎ በ2017 ዋንጫ አነሳ። አሪፍ ነው። ታች ያለ ቡድን ሁሉ ይህን እያየ ይነሳሳል። ግን ልብ በሉ፣ ያደገው ክለቡ ነው። ክለብ ሲያድግ ክረምት ላይ መጀመሪያ የሚሰራው ስራ "ልምድ ያለው" ተጫዋች ማስፈረም ነው። ሙሉ ዓመት በጭቃ ተንከባሎ ያሳደገው ልጅ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። አይደወልም። ከዚያ ሌላ ከፍተኛ ሊግ ክለብ ይገባና እንደገና ለማሳደግ ይጫወታል። ሦስት የተለያየ ክለብ አሳድጎ ራሱ አንድ ቀን ፕሪሚየር ሊግ ያልተጫወተ ሰው አውቃለሁ። በከተማው "አሳዳጊው" ነበር የምንለው፣ ሲስቅ እንጂ ሲናደድ አይቼው አላውቅም።

ወደታችም እንደዚያው ነው። ጅማ ሻምፒዮን በሆነ በአራተኛው ዓመት ወረደ። ደደቢት በ2005 ዋንጫ ያነሳ ክለብ በ2011 ወረደ። በ2012 ኮሮና መጣና ውድድሩ ተሰረዘ፣ ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅ የለም፣ አዳጊ የለም። ምድቡን ይመራ የነበረ ቡድን ተጫዋች ምን ይበል? ከዚያ ጦርነቱ። የትግራይ ክለቦች ለዓመታት ከሊጉ ውጪ ሆኑ፣ ተጫዋቾቻቸውም ተበተኑ። ይህ ሁሉ በናንተ እግር አልተወሰነም። ስለዚህ በናንተ እጅ ያለችውን ትንሽ ነገር አጥብቃችሁ መያዝ አለባችሁ። እሷም ወረቀት ናት።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወላጆች፣ እዚህ ጋ ስልካችሁን አስቀምጡልኝ።

በፊፋ ደንብ ፕሮፌሽናል ማለት ከክለቡ ጋር የጽሑፍ ውል ያለው እና ለመጫወት ከሚያወጣው ወጪ በላይ የሚከፈለው ተጫዋች ነው። በቃ። ቴሌቪዥን ላይ መታየት አለበት አይልም። ስለዚህ አንደኛ ሊግ ላይ በትንሽ ደሞዝ የፈረመው ልጅ ሰራተኛ ነው፣ መብት አለው። ራሱ ግን አያውቀውም። ክለቡም እንዲያውቅ አይቸኩልም።

ፊርማ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። ቡድን መሪው ይደውላል። "ና ሻይ እንጠጣ" ይላል። ሆቴል ታችኛው ፎቅ ላይ ትቀመጣላችሁ። አሰልጣኙ እንደሚፈልግህ፣ ከንቲባው ኳስ እንደሚወድ፣ ዘንድሮ ማደግ ግድ እንደሆነ ይነግርሃል። ከዚያ ቅጹ ይመጣል። ስምህ አለ፣ የክለቡ ስም አለ። የደሞዙ ቦታ ላይ ግን ወይ ባዶ ነው ወይ ከተነጋገራችሁት ያነሰ ቁጥር አለ። "እሱ ለፎርማሊቲ ነው፣ ቀሪውን እኛ እናስተካክላለን።" እስክሪብቶው ይቀርባል። ማኪያቶው ገና አልቀዘቀዘም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። በአፍ የተባለው አንድ ዋጋ ነው፣ በወረቀት ያለው ሌላ። በ2011 ክረምት ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ቢሾፍቱ ላይ ተሰብስበው የወር ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲወስኑ ትልልቆቹ ጋ ይሄ የሁለት ዋጋ ነገር ባሰበት ይባላል። ታች ያለነው ጣሪያው አልነካንም፣ ወለሉ ነው ያስቸገረን። ልማዱ ግን አንድ ነው። ጠብ የመጣ ቀን ፌዴሬሽን ሄዳችሁ "ቃል ገብተውልኝ ነበር" ብትሉ ማንም አይሰማችሁም። የሚታየው የተመዘገበው ውል ነው። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ደሞዙ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ በግልጽ ይጻፍ። ግብሩ ከፍ ሲል 35 በመቶ ድረስ ስለሚሄድ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቤት ኪራይ ነው። የራሳችሁን ኮፒ ማህተም ያለበትን ሳትይዙ ከወንበሩ አትነሱ። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ በፊፋ ደንብ ከሦስት ዓመት በላይ ውል አይፈርምም፣ አዋቂውም ከአምስት አይበልጥም። ደግሞ አንዷ ተንኮል፦ ከፈረማችሁ በኋላ "የጤና ምርመራ አላለፍክም" ብሎ ውሉን መቅደድ። አይቻልም። ምርመራው ከፊርማ በፊት ነው የሚያልቀው፣ ደንቡ ይህን ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል።

ሌላው ማንም የማያስተምራችሁ ነገር በጀት ነው። ታች ያሉት ብዙ ክለቦች የከተማ አስተዳደር ናቸው። ደሞዛችሁ የሚመጣው ከትኬት አይደለም፣ ከትኬት የሚገኘው የዳኛ አበል ቢሸፍን ትልቅ ነገር ነው። የሚመጣው ከከተማው ድጎማ ነው። የመንግስት በጀት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ክለቡ ለክረምት ዝግጅት ሲጠራችሁ አዲሱ በጀት ገና ከወረቀት ወደ ባንክ አልወረደም። ዓመቱ አጋማሽ ላይ ደግሞ ከንቲባ ይቀየራል፣ ድልድይ ይፈርሳል፣ ሌላ አስቸኳይ ነገር ይመጣል። ክለቡ ወረፋ ይይዛል። ከመፈረማችሁ በፊት አዲሱ ከንቲባ ኳስ ይወዳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አልቀለድኩም፣ አሰልጣኙ በምን አሰላለፍ እንደሚጫወት ከመጠየቅ ይሄ ይቀድማል። አምና እዚያ የነበረውን ግብ ጠባቂም ደውላችሁ አናግሩ። ግብ ጠባቂ ብዙ አያወራም፣ ያየውን ግን አይረሳም።

ደሞዝ ቢቀርስ? ይቀራል። የኛ ብቻ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የዓለም ተጫዋቾች ማህበር ፊፍፕሮ እ.ኤ.አ. በ2016 በ54 አገሮች ወደ 14 ሺህ የሚጠጉ ተጫዋቾችን ጠይቆ፣ 41 በመቶው በሁለት የውድድር ዓመት ውስጥ ደሞዝ ዘግይቶብኛል ብለዋል። 45 በመቶው በወር ከአንድ ሺህ ዶላር በታች ነው የሚያገኙት። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ፊፋ ደንብ ጨመረ። ክለብ የሁለት ወር ደሞዝ ከያዘብህ፣ በጽሑፍ አስጠንቅቀህ 15 ቀን ሰጥተህ ካልከፈለ፣ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ትችላለህ። የአገር ውስጥ ክርክር መጀመሪያ የሚታየው በራሳችን ፌዴሬሽን ደንብ ስለሆነ ከማቋረጣችሁ በፊት እዚያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ዋናው ቃል "በጽሑፍ" የሚለው ነው።

እኛ ይህን አናውቅም ነበር። አንድ ክለብ፣ ስሙ ይቅር፣ ለወራት አልከፈለንም። "በጀት አልተለቀቀም" ነው መልሱ። ምን አደረግን? ልምምድ አቆምን። ቁጭ ብለን ሜዳው ዳር ላይ አኮረፍን። በማግስቱ "ተጫዋቾቹ በፈቃዳቸው ከስራ ቀሩ" የሚል ደብዳቤ ተለጠፈ። አያችሁ ጨዋታውን? ጥፋተኞቹ እኛ ሆንን። ልምምዳችሁን ስሩ። ደብዳቤውን ጻፉ። መዝገብ ቤት አስገቡና የገቢ ቁጥሩን ተቀበሉ። አሰልጣኙ ቢቆጣ ይቆጣ፣ እሱም አልተከፈለውም ይሆናል።

ከደሞዝ ቀጥሎ የሚያስለቅሰው መልቀቂያ ነው። ውልህ ካለቀ ማንም አያስርህም። ይህ መብት ከሰማይ አልወረደም። ዣን ማርክ ቦስማን የሚባል ቤልጂየማዊ ነበር፣ ኮከብ ያልሆነ፣ ለአርኤፍሲ ሊዬዥ የሚጫወት። እ.ኤ.አ. በ1990 ውሉ አለቀ። ክለቡ ደሞዙን ወደ ሩብ ቀንሶ አዲስ ውል አቀረበለት። እምቢ አለ። መሄድ የፈለገው ዱንኬርክ ነበር፣ የፈረንሳይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን። ሪያል ማድሪድ አይደለም፣ ዱንኬርክ! ሊዬዥ አለቅም አለ። ሰውዬው ፍርድ ቤት ሄደ፣ ዓመታት ፈጀ፣ እ.ኤ.አ. በታህሳስ 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ምባፔ በ2024 ከፓሪስ ወደ ማድሪድ በነጻ የሄደው በዚህ ሰው ጀርባ ላይ ነው። ቦስማን ራሱ በኳሱ ብዙም አልተጠቀመም፣ ፍርዱ ሲመጣ የመጫወቻ ዕድሜው አልፎ ነበር። እኔ ይህን ሰው በጣም ነው የምወደው። ትልልቆቹ የሚበሉትን እንጀራ ያቦካው ሁለተኛ ዲቪዚዮን ለመግባት የለመነ ተጫዋች ነው።

የኛ አገር ብልጠት ደግሞ ሌላ ነው። ውሉ ሳያልቅ በስምምነት ልትለያይ ስትል "ያልተከፈለህን ተወውና መልቀቂያህን ውሰድ" ይሉሃል። የዝውውር መስኮቱ መዝጊያ ሊደርስ ሲል ነው የሚሉህ። ሌላ ክለብ እየጠበቀህ ነው፣ ትፈርማለህ። ብዙ ሰው የወራት ደሞዙን እንዲህ ነው የተወው። አውቃችሁ ከተዋችሁ ችግር የለም፣ አንዳንዴ ያዋጣል። "ሁሉም ተከፍሎኛል" የሚል ወረቀት ላይ እየፈረማችሁ እንደሆነ ግን አንብቡ።

በቃ ስለ ወረቀት። አሁን ስለ ኑሮው።

ውድድሩ በተመረጠ ከተማ ተሰብስቦ ሲካሄድ ሆቴል ነው የምትኖሩት። ሆቴል ስላችሁ አትጓጉ። ክፍል ትጋራላችሁ። በረንዳው ላይ ማሊያና ካልሲ ይሰጣል። ምሳ ሩዝ፣ እራት ፓስታ፣ በማግስቱ ምሳ ፓስታ፣ እራት ሩዝ። የጨዋታ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ሆና ትገባላችሁ፣ ጥላ ፎቁ ስር ደጋፊ ይኖራል፣ ፊት ለፊት ያለው ደረጃ ባዶ ነው፣ አንድ ሰው ሲሳደብ ስሙን ጠርታችሁ ልትመልሱለት ትችላላችሁ። ታኬታ ውድ ነው። ጎኑ ሲከፈት ሊስትሮ ጋ ይሄዳል፣ በናይሎን ክር ይሰፋል፣ ክሩ ከውስጥ የእግር ጣት እንዳይቆርጥ ፕላስተር ይለጠፍበታል። አብሮኝ የነበረ የመስመር ተጫዋች ቀኙ ከሌላ ጥንድ፣ ግራው ከሌላ ጥንድ የሆነ ታኬታ አድርጎ ሁለት ጎል አግብቷል። በማግስቱ ሰው የጠየቀው ስለ ጎሉ ሳይሆን ስለ ጫማው ነበር።

ወጌሻው ቦርሳ አለው፣ ቦርሳው ውስጥ ስፕሬይና ፋሻ አለ። በረዶው ከአጠገቡ ካለ ቢራ ቤት በፌስታል ይመጣል። ለቁርጭምጭሚት ይበቃል። ለጉልበት አይበቃም። ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ከተበጠሰ በቀዶ ህክምናም ቢሆን ወደ ሜዳ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ዘጠኝ ወር አካባቢ ይፈጃል። ውላችሁ የአንድ ዓመት ከሆነ ሂሳቡን ራሳችሁ ስሩት። ክራንች ላይ እያላችሁ ነው ሰኔ 30 የሚመጣው። ስለዚህ ውሉ ላይ ሁለት መስመር ይግባ፦ በጨዋታና በልምምድ ለሚደርስ ጉዳት ማን ያሳክማል፣ ደሞዙስ ይቀጥላል ወይ። "እናሳክማለን" ብቻ ከሆነ የት፣ እስከ ስንት ብር በሉ። ነውር የለውም።

እሺ፣ ታዲያ አስር ዓመት የሚቆየው ማነው? ብዙ ጊዜ በጣም ጎበዙ ልጅ አይደለም። ታች ያለው ሊግ አሰልጣኝ ቶሎ ይባረራል፣ ሲባረር ሌላ ክለብ ይገባል፣ ሲገባ የሚያምናቸውን አምስት ስድስት ተጫዋች ጠርቶ ይወስዳል። "የኮቹ ልጆች" ይባላሉ። ሰው በሐሜት ነው የሚያነሳው፣ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። ሰውዬው የወር እድሜ ነው የሚሰጠው፣ ለማያውቀው ልጅ አይወራረድም። ስለዚህ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሳላችሁ እንዴት እንደምትቀመጡ የሚያይ ሰው አለ። ሁለት ቦታ መጫወት ቻሉ። ግራ እግር ያለው ልጅ ስራ አያጣም፣ ይህን ከእናንተ መካከል ግራኝ የሆነው ይስማ። የተከላካይ መስመር የሚያናግር ሰው ወርቅ ነው፣ እኔ ፍጥነት አልነበረኝም፣ በአፌ ነው የተጫወትኩት።

ዕድሜ... ትስቃላችሁ። የኳስ ዕድሜና የእናት ዕድሜ። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያያል፣ ስለዚህ ዕድሜ መቀነስ ሩቅ አያስኬድም። ሌላ ጉዳትም አለው። ሃያ ነኝ ያለ የ26 ዓመት ሰው ገና ሰፊ ጊዜ ያለው ይመስለዋል፣ የራሱን ውሸት ያምናል፣ ከዚያ ጉልበቱ እውነቱን ይነግረዋል።

ውርርድን በአንድ ቃል ልለፈው፦ ተጫዋች ኳስ ላይ አይወራረድም፣ የፊፋ የስነ ምግባር ደንብ ይከለክላል። የውርርድ ቤት ባለበት ሰፈር ሁሉ፣ ያልተከፈለው ልጅ እዚያ ነው የሚውለው። "ዝም ብለህ አንድ ኮርነር ስጥ" የሚል ሰው የሚመጣውም እዚያው ነው።

ጥያቄ ተቀብዬ ልጨርስ። እናት፣ እጅዎን አውጥተዋል... "ትምህርቱን ያቁም ወይ?" አያቁም፣ እማማ። ታች ያለ ተጫዋች ከሰዓቱ ነጻ ነው፣ ከፍተኛ ሊግ እየተጫወቱ በማታ ዲግሪ የያዙ አሉ። ማሰልጠን የሚወድ ከሆነም ገና እየተጫወተ የካፍ ዲ ላይሰንስ ይጀምር፣ ከዚያ ሲ፣ ቢ እያለ ይወጣል። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ላይ ከዜሮ ከመጀመር ይሻላል።

አንተ፣ ሰማያዊ ቱታ... "ከፍተኛ ሊግ ተጠባባቂ ልሁን ወይስ አንደኛ ሊግ ገብቼ ልጫወት?" ስንት ዓመትህ ነው? የእናትህን። አስራ ዘጠኝ። አንደኛ ሊግ ሂድ። ተጫወት። አሰልጣኞች ያዩትን ሰው ነው የሚጠሩት፣ ወንበር ላይ ያለውን ማንም አያየውም። ግን የአንድ ዓመት ብቻ ፈርም። ደሞዙ ላይ "የተጣራ" የሚለው መኖሩን እይ። ቅጹን ዛሬ ይዘኸዋል? አምጣው፣ እዚሁ እናንብበው።